የጋሽ በዳዳ ሲባጎ

አብሮኝ የተማረው ግርማ የደወለልኝ ከምሳ በፊት ነበር። ቢሮ ሆኜ የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ዓምዶች የሚፈጁትን አርማታ ከፕላኑ ላይ እየለቀምኩ ነበር። ግርማ ሰላምታ ካስረዘመ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ጤናዬን ጠየቀኝ፣ ሥራ እንዴት ነው አለኝ፣ ስለ ዝናቡ አወራ፣ ከዚያ «ጋሽ በዳዳ አረፉ» አለ። መቼ ስለው ጠዋት ነው አለኝ፤ ልጃቸው ቁርስ ይዛ ስትገባ ተኝተው እንዳሉ አገኘቻቸው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

«እሺ» አልኩት።

«እሺ ብቻ?»

ስልኩን ዘግቼ ጀምሬው የነበረውን ዓምድ ጨረስኩ። ደግሜ አሰላሁት፤ ያው ነው። ከዚያ አለቃዬን አስፈቅጄ ወጣሁ። ቀብሩ ላይም አላለቀስኩም። ሰው ሲያለቅስ እኔ ጭቃው ጫማዬን እንዳያልፈው ቦታ እመርጥ ነበር። ይህን የምጽፈውም እንባ ፍለጋ አይደለም። እሳቸውን በደንብ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ጥቂቶቹም ቢሆኑ የሚያወሩት መጨረሻ ላይ የሆነውን ብቻ ነው። ቢያንስ እኔ ያየሁትን በቅደም ተከተሉ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ልጅነቴ ሽሮ ሜዳ፣ የሀገር ልብስ መሸጫ ውስጥ፣ ጨርቅ ስለካና ስቆርጥ አለፈ። እኔ በማታው አሥረኛ ክፍልን ስጨርስ እኩዮቼ ልጆቻቸውን አሥረኛ ክፍል እያስመዘገቡ ነበር። ከዚያ በኋላ ከዊንጌት አልፎ ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ጎሚስታ ቤት ጀርባ፣ ሰፋ ያለ ግቢ የነበረው የግል ማሰልጠኛ ውስጥ የቅዳሜና እሁድ የግንባታ ትምህርት ገባሁ። ማሰልጠኛው ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሞበታል።

እዚያ የጠጣር ቅርጾችን ይዘት ያስተማሩን ጋሽ በዳዳ ናቸው። ሲሊንደሩን፣ ኮኑን፣ ፒራሚዱን፣ ሉሉን፣ ራሱ የተቆረጠውን ኮን። ግንባታ ላይ ለሚውል ሰው ከነዚህ ውጪ ያለው ብዙም አያስፈልገውም። ክብ ዓምድ ሲሊንደር ነው፣ ገልባጭ አራግፎት የሄደው አሸዋ ኮን ነው፣ ጎኑ ዘንበል ብሎ የተቆፈረ ክብ ጉድጓድ ደግሞ ራሱ የተቆረጠ ኮን ተገልብጦ ነው። እነዚህን ያወቀ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ያውቃል። ያላወቀ ወይ ይተርፈዋል ወይ ይጎድለዋል፤ አርማታ ላይ ሁለቱም አያምርም።

ረጅም ሰው ነበሩ። ቡናማ ኮት፣ እስከ አንገት የተቆለፈ ሸሚዝ፣ ሁልጊዜ የተጠረገ ጫማ። ከእንጦጦ ጀርባ ካለ ገጠር በልጅነታቸው መጥተው ጉለሌ ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ መንገድ ሥራ ላይ ሲቀይሱ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ ወደ ማስተማር የገቡ ናቸው። አማርኛቸው ከኛ የጠራ ነበር፤ ሲቆጥሩ ግን በእናታቸው ቋንቋ ነው። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ። አንድ ቀን ግርማ ለምን በኦሮምኛ እንደሚቆጥሩ ጠይቋቸው፣ ቁጥር መጀመሪያ በገባበት በር ነው የሚወጣው አሉት።

ግርማ የዚያን ጊዜም ፎርማን ነበር። በሳምንቱ ቀናት ሰው ሲያዝዝ ውሎ ቅዳሜ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁሉን ነገር ቀልድ ያደርጋል። ለኔ የወጣልኝን ቅጽል ስም ግን ያወጣው እሱ አይደለም። ትምህርት በጀመርን ሰሞን ጋሽ በዳዳ አንድ የአሸዋ ቁልል አስልተው ወደ አራት ሜትር ኩብ ነው ሲሉ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ሁለት ነው አልኩ። ለመመለስ አልነበረም፤ ከአፌ ወጣ።

«ማናት?» አሉ።

ስሜን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ስምሽ ይቀመጥ፤ አንቺ ሚሊሜትር ነሽ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ሚሊሜትር ነው የሚለኝ። ግርማ ዛሬም ስልኩ ላይ በዚያው ስም ነው የመዘገበኝ።

ሰሌዳ አይወዱም ነበር። ቅርጽ መሣል ካስፈለገ አንዱን ተማሪ ያስነሡና ራሳቸው ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ይቆማሉ። ተማሪው ሲጨርስ ዞረው አያዩለትም። «ስዕሉን ለጓደኞችህ አሳያቸው፤ ለኔ ንገረኝ» ይሉታል። ከታች ምን ያህል ሰፍቶ እንደተነሣ፣ ወደ ላይ ሲሄድ ምን እንደሆነ፣ የት ላይ እንዳለቀ መናገር አለበት። አንድ ነገር ካስቀረ ያስቆሙታል። «ቆይ፣ ቁመቱን መቼ ሰጠኸኝ? እኔ ጋ ያለው እስካሁን ሳንቲም ነው።» ክፍሉ ይስቃል። ተማሪው እንደገና ይጀምራል። ሲሊንደርን በቃል ብቻ ማቆም ቀላል ይመስላል፤ ሰው ፊት ቆሞ የሞከረ ያውቀዋል።

አንድ የሸራ ቦርሳ ነበራቸው። ውስጡ ከባህር ዛፍ የተጠረቡ ቅርጾች አሉ፣ ከእጅ ብዛት የለሰለሱ። እያንዳንዳችንን ጠረጴዛ ሥር ያስይዙንና ሳናይ ምን እንደያዝን፣ ስንት ስንት ሴንቲሜትር እንደሚሆን ያስገምቱናል። «ዓይን ቶሎ አየሁ ይላል» ይሉ ነበር፤ «እጅ ግን ዞሮ ሳይጨርስ አያምንም።»

ማንም ሳይገምት አያሰላም። ይህ ሕግ ነበር። ግምቱም በጀሪካን ነው የሚነገረው። አንድ ሜትር ኩብ ሃምሳ ጀሪካን ነው፤ ጀሪካን ደግሞ ምን እንደሚከብድ ጉለሌ ያደገ ሰው በወገቡ ያውቀዋል። ሜትር ኩብ ሲባል ዝም የሚሉ ተማሪዎች ጀሪካን ሲባል አፋቸው ይፈታል። አንዷ ግምቱ በዛ፣ ያንን ሁሉ ተሸክሜማ አልገባም ብላ ተከራክራ፣ ሲሰላ ልክ የሷ ሆኖ ተገኘ። «ገምቶ የተሳሳተ ይታረማል» ይሉናል፤ «ሳይገምት ያሰላ መሳሳቱን በምን ያውቃል?»

ራሱ የተቆረጠውን ኮን ያስተማሩን ቀን ደግሞ አይረሳኝም። ብዙ ሰው ላይኛውን ክብና ታችኛውን ክብ ደምሮ ለሁለት ያካፍላል፤ ልክ አይመጣም። እሳቸው ያሉት እንዲህ ነው፤ ላይኛውን በራሱ አባዙ፣ ታችኛውን በራሱ አባዙ፣ ከዚያ ሁለቱን እርስ በርስ አጋቡ። ሦስቱን ደምራችሁ ወደ ስሌቱ ግቡ።

«ሠርጉን የረሳ ሰውስ ጋሼ?» አለ ግርማ።

«አርማታ ይጎድለዋል።»

«እኔ የምለው፣ ሚስቱ ምን ትለዋለች?»

«እሷማ ድሮም ጎድሏታል» አሉት። ከግርማ ጋር ሲነጋገሩ ፊታቸው አይስቅም፤ ድምፃቸው ብቻ ትንሽ ይወርዳል።

ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ግን በሲባጎአቸው ነው። ረጅም፣ ያረጀ፣ ቀለሙ ወደ ሻይ የሄደ ሲባጎ። በየአሥር ሴንቲሜትሩ ቋጠሮ አለው፣ በየሜትሩ ደግሞ ድርብ ቋጠሮ። ክብ ነገር ስንለካ ዲያሜትሩን አያስለኩንም። የክብ መሃል የት እንደሆነ እርግጠኛ የሚሆን ሰው የለም፣ ዙሪያው ግን የትም አይሄድም ይላሉ። ሲባጎውን ዙሪያውን እንይዝላቸዋለን፤ እሳቸው ቋጠሮዎቹን በጣታቸው እየነኩ በኦሮምኛ ይቆጥራሉ። ብረት ሜትር ይዞ የመጣ ተማሪ ካለ ወደ ኪሱ ይመልሳል። ፈተናቸውም በቃል ነበር። ወረቀት ሰውን ዝም ያሰኛል ነው ምክንያቱ።

ይህን ሁሉ የማስተማር ዘዴ ነው ብለን ነው የያዝነው። ዘዴም ነበር፤ ከዚያ ክፍል የወጣ ሰው ሥራ ላይ ሲሳሳት እስካሁን አላየሁም።

የማሰልጠኛው ዲን ወጣት ነው። ክፋት የለበትም፣ ግን ትምህርት ቤቱ ዘመናዊ እንዲመስል ይፈልጋል። የአስተማሪዎች ውል የሚታደሰው በየመንፈቁ ነበር። ቅርጾቹን በኮምፒውተር እያዞረ የሚያሳይ ሰው አግኝቶ ነበር መሰለኝ፣ አንድ ቅዳሜ ኮሪደር ላይ ጋሽ በዳዳን አስቁሞ ይህን መንፈቅ ይጨርሱ፣ ከዚያ እናያለን ሲላቸው በሩ ክፍት ስለነበር ሰማን። ጋሽ በዳዳ ክፍል ገብተው የዕለቱን ትምህርት አስተማሩ።

በዚያው ሰሞን ግቢው ውስጥ ትልቅ የውሃ ታንከር ሊቆም ሆነ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ተማሪው ደግሞ በዝቷል። ለታንከሩ ማቆሚያ መሠረት የሚሆን ክብ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ አፈሩ እንዳይናድ ጎኑን አዘንብለውት ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ብሏል። ዲኑ የአርማታውን መጠን ከውጭ ባለሙያ አስመጥቶ ሊያስለካ ነበር። ጋሽ በዳዳ ቢሮው ድረስ ሄደው፣ እኔና ተማሪዎቼ እያለን ከውጭ ሰው ይመጣል ወይ አሉት። ግርማ ይህን ሲያወራ ዲኑ አማራጭ አልነበረውም ይላል። ነበረው። ግን እሺ አለ። ሲወጡ በር ላይ፣ እንግዲህ በዚህ እንተያያለን እንዳላቸውም ሰምቻለሁ።

ቅዳሜ ለካን። የላዩን ዙሪያ፣ የታቹን ዙሪያ፣ ጥልቀቱን። ተማሪው ሲባጎውን በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ በእጁ ይዞ ቆመ፤ እሳቸው ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው በጣታቸው እየነኩ ዞሩ። በጭንቅላታቸው አስልተው አሥራ ስምንት ተኩል ሜትር ኩብ አሉ። ለብክነት ተጨምሮበት አሥራ ዘጠኝ ተኩል እንዲታዘዝ ለዲኑ ተነገረው። ሰኞ ሊታዘዝ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሊሞላ።

እኔ የሲባጎውን ጫፍ የያዝኩት ሰው ነበርኩ። በቋጠሮና በቋጠሮ መካከል ያለው ክር ሳስቷል፣ ጸጉር አውጥቷል። ሽሮ ሜዳ በኖርኩባቸው ዓመታት የተማርኩት አንድ ነገር ይህ ነው፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ከሥራ ብዛት ይለጠጣል። ደንበኛው ቀሚሱ ሰፋብኝ እስኪል ድረስ ማንም አያውቅበትም። ጠንቃቃ ሰፊ በየጊዜው ይቀይረዋል። የጋሽ በዳዳ ሲባጎ ግን ሲቀየር ያየ ሰው የለም። ስንቱ ዓመት፣ ስንቱ ሰው ከሁለት ወገን ሲጎትተው የኖረ ነው።

አርማታ ደግሞ እንደ ቀሚስ አይደለም። አንዴ መፍሰስ ከጀመረ መቋረጥ የለበትም። መሃል ላይ ቢያልቅና አርማታ የጫነ ሌላ ሚክሰር እስኪመጣ የፊተኛው ቢደርቅ፣ አዲሱ ከአሮጌው ጋር አንድ አካል አይሆንም። በዚያ ላይ ውሃ የሞላ ታንከር ሊቆምበት ነው።

ተማሪው ሁሉ ሲወጣ ቀረሁ። እሳቸው ሁልጊዜ ከሁላችን በፊት መጥተው ከሁላችን በኋላ ነው የሚሄዱት። ጠረጴዛቸው ጋ ሲባጎውን እየጠቀለሉ ነበር።

«ጋሼ፣ ሲባጎውን ላየው?»

«ሚሊሜትር ነሽ? ምን ጎደለሽ?»

ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ከቦርሳዬ የብረት ሜትሬን አውጥቼ ጎኑ አስተኛሁት። ድርብ ቋጠሮው ከመቶ አልፎ መቶ አራት ላይ ነው። ሁለተኛውን ሜትር ለካሁ፣ ሦስተኛውን ለካሁ። ያው ነው።

«ተለጥጧል» አልኳቸው። «ይኸው፣ ይዩት።»

እጃቸው ሲባጎው ላይ መጣ፤ ድርብ ቋጠሮውን አገኘው። ከዚያ ወደ ብረቱ ተሻገረ። ብረቱ ላይ የሚዳሰስ ነገር የለም። ጣታቸው ትንሽ ወደ ፊት ሄደ፣ ተመለሰ።

«ስንት ይላል?»

«እዚሁ ነው ጋሼ፣ ጣትዎ አጠገብ።»

«ስንት ይላል አልኩሽ።»

አልተቆጡም። ቀና ብዬ አየኋቸው። የሚያዩት ፊቴን አልነበረም፤ ከፊቴ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ነበር።

«መቶ አራት» አልኩ።

ሰሌዳው፣ መስኮቱ፣ በቃል ያደረጉት ፈተና፣ የእንጨት ቅርጾቹ፣ «ማናት?» ያሉኝ ቀን፤ ሁሉም አንድ በአንድ ቦታ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። የደነገጥኩ አይመስለኝም። ረጅም ስሌት ሲያልቅ የሚመጣ ዓይነት ዝምታ ነበር።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። እዚህ ሲቀጠሩ በአንድ ዓይናቸው ፊደል ይለዩ እንደነበር ነገሩኝ። ግላኮማ ነው፣ ሐኪሙ የሄደው አይመለስም ብሏቸዋል። አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት፤ ለዚያ ነው መስኮቱ ጋ የሚቆሙት። መንገዱን በእግራቸው ያውቁታል። ከልጃቸው በቀር የሚያውቅ የለም።

ከዚያ እንደ መምህር ሆኑ። «አራት ከመቶ» አሉ። «ዙሪያው በራሱ ስለሚባዛ ሁለት ጊዜ ተሳስቷል፤ ጥልቀቱ አንድ ጊዜ። ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ስንት ይጎድላል?»

«ሁለት ነጥብ ሦስት ሜትር ኩብ።»

«ግምትሽ ነው ስሌትሽ?»

«ስሌቴ ነው።»

«ከመቶ ጀሪካን በላይ።» ሲባጎውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡት። ለብክነት የጨመርነው ግማሹንም እንደማይሸፍን ሁለታችንም አወቅነው። «ይሄ ጉድጓድ በልኩ ከሞላ ለሚመጣው መንፈቅ ማንም አይነካኝም። ከጎደለ ግን ለምን ጎደለ ይባላል። ለምን ከተባለ ሲባጎው ይመጣል፣ ሲባጎው ከመጣ እኔ እመጣለሁ።»

«በብረት እንለካዋለን» አልኩ።

«ማን ያነበዋል?»

«እኔ።»

«ቤት ዕውር ነኝ፣ ልጄ» አሉ። «እጄን ይዘው ያስቀምጡኛል፣ ሻዩን እጄ ላይ ያኖሩልኛል፣ ቴሌቪዥኑን ድምፁን ከፍ ያደርጉልኛል። እዚህ አስተማሪ ነኝ።»

ነገ በጠዋት እመጣለሁ አልኳቸው።

እሁድ ክፍሉ ሲሞላ ራሳቸው ተናገሩ። ሲባጎዬ ተለጥጧል፣ ሚሊሜትር ደርሳበታለች፣ ትናንት የሰጠኋችሁ ቁጥር ስህተት ነው፣ እንደገና እንለካለን አሉ። ግርማ ሲባጎው እንኳ እዚህ ትምህርት ቤት ገብቶ አድጓል፣ እኔ ብቻ ነኝ ባለሁበት የቀረሁት አለ። ሳቅ ሆነ። ማንም ሌላ ነገር አልጠየቀም። በብረት ሜትር ዲያሜትሩን ከብዙ አቅጣጫ ለካን፤ እኔ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሆኜ ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ እሳቸው ከግርማ አጠገብ ቆመው ተቀበሉኝ። አንዴ አምስት ያልኩትን ቁጥር አምስት ምን ብለው መለሱልኝ። አምስት ነጥብ ዜሮ ሁለት ነበር። ሃያ ነጥብ ስምንት መጣ። ለዲኑ ሃያ ሁለት እንዲታዘዝ ተነገረው። ዲኑ ትናንት ሌላ፣ ዛሬ ሌላ ብሎ አጉረመረመ፤ ግን አዘዘ።

የአርማታውን ቀን ከመናገሬ በፊት ቀጥሎ የሆነውን ልናገርና ልገላገል። በሚቀጥለው መንፈቅ የጋሽ በዳዳ ስም መርሐ ግብሩ ላይ አልነበረም። ቅርጾቹን በኮምፒውተር የሚያዞረው ልጅ መጣ፤ ጥሩ አስተማሪ ነበር። ጋሽ በዳዳ የቀሩትን ዓመታት ልጃቸው ቤት አሳለፉ። አልፎ አልፎ እሄድ ነበር። የምትሠሪበትን ሕንፃ ንገሪኝ ይሉኛል፣ እነግራቸዋለሁ። የበረንዳውን ውፍረት ከረሳሁ ያስቆሙኛል። ሻዩ እጃቸው ላይ ይቀዘቅዛል።

ቅዳሜ ጠዋት ሚክሰሮቹ ከሸጎሌ በኩል መጡ፤ ሦስት ነበሩ። ግርማ እንደ ሥራ ቦታው ሁሉን እያዘዘ ነበር። ጋሽ በዳዳ ኮታቸውን ለብሰው ከጉድጓዱ ራቅ ብለው ቆሙ፣ እኔ አጠገባቸው። የመጀመሪያው ሲፈስስ ድምፁን ሰምተው ታች ደረሰ አሉ። ሦስተኛው ሊያልቅ ሲል ክንዴን ያዙ፤ ከዚያ በፊት ነክተውኝ አያውቁም። የሚክሰሩ ሆድ እየዞረ የመጨረሻውን ተፋ። ግርማ እጁን ወደ ላይ አነሣ፣ በቃ ለማለት። ነገርኳቸው። ክንዴን ለቀቁኝ።

ዲኑ ከቢሮው ወጥቶ በስልኩ ፎቶ ያነሣ ነበር። የመጨረሻው ሚክሰር ሾፌር፣ አፉ የማያርፍ ሰው፣ የርክክብ ወረቀቱን በካርቶን ቁራጭ ላይ ደግፎ መጣ። መጠኑን ያሰላው ሰው መፈረም አለበት አለ። ማን እንደሆነ ጠየቀ፤ ተማሪዎቹ ሁሉ ወደ ጋሽ በዳዳ ጠቆሙ።

«ፋዘር፣ እዚች ነጥብ ነጥቧ ላይ ይፈርሙልኝ፣ ልሂድበት።»

እስክሪብቶውን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ። «እኔ ልፈርም ጋሼ፣ የለካሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ዝቅ አድርጌ ነው ያልኩት፣ ለሳቸው ብቻ።

«መለካቱን ለካሽ» አሉ። «ቁጥሩ የኔ ነው። ዛሬ ልክ ሆኖ ሳለ ለሰው አልሰጠውም።»

እስክሪብቶውን ሾፌሩ እጃቸው ላይ አደረገላቸው። ወደ ወረቀቱ ሄዱ። የወረቀቱን ጫፍ አልፈው የሾፌሩ አውራ ጣት ላይ ጻፉ።

«ኧረ ፋዘር፣ እኔን ተረከቡኝ እንዴ?» አለ ሾፌሩ።

ተማሪዎቹ ሳቁ። ግርማ ከሁሉ በላይ ሳቀ። ዲኑም ሳቀ። ጋሽ በዳዳ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። እስክሪብቶው አየር ላይ ነበር። አሁንም ወረቀቱን ልነጥቀው እችል ነበር፣ እሳቸውም ሊተዉት ይችሉ ነበር። የእርጅና እጅ ተብሎ በታለፈ።

«አላይም» አሉ፣ ክፍል ውስጥ በሚያወሩበት ድምፅ። «ቆይቷል። ልጄ፣ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጊልኝ።»

የሚክሰሩ ሆድ ባዶውን ይዞራል። ከዚያ ሌላ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ሾፌሩ ኮፍያውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። የግራ እጃቸውን አመልካች ጣት ይዤ መስመሩ መጀመሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ቀዝቃዛ ነበር። ጣታቸውን ተከትለው ፈረሙ። ረጅም ፊርማ ነው፣ ቀጥ ያለ።

ዲኑ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቀረብ አለ። ግርማ መሬት መሬት ያያል። ዲኑ መጀመሪያ ወደኔ፣ ከዚያ ወደሳቸው ዞረ።

«ታዲያ ቁጥሩስ?» አለ። «ማለቴ... ጋሽ በዳዳ፣ ቁጥሩ ልክ ነው?»

«አንተ ዓይን አለህ» አሉት። «ሂድና ጉድጓዱን እየው።»

ዲኑ ሄደ። ሠራተኞቹ የላዩን ፊት በጣውላ እያስተካከሉ ነበር፤ ቦታ ለቀቁለት። ጫፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች አየ። ጎንበስ ብሎ ደግሞ አየ። ጋሽ በዳዳ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ፊታቸውን ወደሱ አቅጣጫ አዙረው ይጠብቁ ነበር። ሁላችንም እንጠብቅ ነበር።

«ሞልቷል» አለ ዲኑ፣ ወደኛ ሳይዞር።